ኤምአርአይ ታዞላችኋል? የማሽኑ ማግኔት አይጠፋም፣ በሩ ላይ በደንብ እንጠያየቅ

ራጅ_ክፍል (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር ውስጥ በምስል ምርመራ ሙያ ነው የምሠራው። ኤምአርአይ የታዘዘለት ሰውና አስታማሚው ከመምጣታቸው በፊት ቢያውቁት የምለውን ልጻፍ። የሙያ ጓደኞቼ ካላችሁ ጨምሩበት።

ኤምአርአይ ማለት የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሳ ትልቅ ማግኔት ነው። እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “እንግዲያው ምንም አያደርግም” ብሎ ዘና ይላል። አደጋው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በብዛት የሚሠራበት ማሽን 1.5 ቴስላ ነው፤ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። ይህ ከምድር የተፈጥሮ ማግኔት ወደ 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። 3 ቴስላ የሆኑም አሉ። ማግኔቱ ደግሞ ሁልጊዜ እየሳበ ነው። በሽተኛ ኖረም አልኖረም፣ ሌሊትም፣ እሑድም፣ ለጥምቀት ሁሉም ሰው ፋሲለደስ መዋኛ በወጣበት ቀንም። የምትሰሙት ያ ኃይለኛ ድምፅ ምስል ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ነው። ድምፅ የለም ማለት ማሽኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ሌላው የሚያታልለው ነገር ስበቱ ቀስ በቀስ አለመምጣቱ ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ በእጃችሁ ያለው ብረት ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ጥቂት እርምጃ ስትጠጉ ግን ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ከእጅ ሲያመልጥ የሚይዘው ሰው የለም።

የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገባ። ሲሊንደሩ ተስቦ ጭንቅላቱን መታው። ልጁ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ሙምባይ ላይ አንድ የ32 ዓመት ሰው ዘመድ ሊያስታምም መጥቶ ሲሊንደር ይዞ ገባ፤ ሞተ። ማሽኑ ጠፍቷል ተብሎ እንደነበር ዘመዶቹ ተናግረዋል። በ2025 ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ ግዛት አንድ የ61 ዓመት ሰው ምርመራዋን የጨረሰች ሚስቱን ደግፎ ሊያነሳ ገባ። አንገቱ ላይ 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የስፖርት ሰንሰለት ነበር። እሱም ሞተ።

ከሦስቱ ሁለቱ በሽተኛ አልነበሩም። አስታማሚ ነበሩ። እኛ ጋ ደግሞ አስታማሚ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ስትሬቸር የሚገፋው እሱ ነው። ሲሊንደር የሚሸከመው እሱ ነው። በሽተኛውን አቅፎ የሚያስተኛውም እሱ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ስንጠይቃችሁ፣ በሽተኛም ሁኑ አስታማሚ፣ ሁሉንም ንገሩን። “ይቺ ትንሽ ናት” አትበሉ። እዚህ የምጽፈው ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው።

ፒያሳ_ልጅ

በጣም እናመሰግናለን ወንድሜ። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ከተማ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቀዋለህ። መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ማግኔቱም አብሮ ይጠፋል አይደል?

ባዮሜዲካል22

የፒያሳ ልጅ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ይህን እኔ ልመልስ። አይጠፋም።

ማግኔቱ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ሽቦው ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቅዝቃዜ ለኤሌክትሪክ ምንም እንቅፋት አይሆንበትም። አንድ ጊዜ የገባው ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ከመብራት ኃይል የሚመጣ ነገር አይፈልግም። መብራት ሲሄድ የሚቆመው ኮምፒውተሩ፣ ምስል ማንሻው፣ አምፖሉና የሂሊየሙ ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ሂሊየሙ ቀስ እያለ ይተናል። ጀነሬተር የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እንዲያውም መብራት ሲጠፋ አደጋው ይብሳል ባይ ነኝ። ክፍሉ ይጨልማል። በሽተኛው ውስጥ ሆኖ ይደነግጣል። ሁሉም ሊረዳ ይሮጣል። አንዱ ስልኩን አብርቶ፣ አንዱ የብረት ባትሪ ይዞ፣ አንዱ ዊልቸር እየገፋ። ሠራተኛው አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ አለበት፤ በጨለማም ያው ክፍል ነው። አልጋው ያለ መብራት በእጅ ተስቦ ይወጣል። ለዚህ የሚሆን ብረት የሌለበት የእጅ መብራት በር ላይ ማስቀመጥም ከባድ አይደለም።

ስለ ቁልፎቹም ልጨምር። ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት የአደጋ ጊዜ ቁልፍ አለ። አንደኛው ኤሌክትሪኩን ብቻ ይቆርጣል። ማግኔቱን አይነካውም። ሁለተኛው ማግኔቱን ራሱን ያጠፋል። ይህኛው ሲጫን ሂሊየሙ በአንድ ጊዜ ይፈላና ጋዝ ይሆናል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። ኩዌንች የምንለው እሱን ነው። ጋዙ በትልቅ ቱቦ በጣሪያ ወይም በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ቱቦው ተዘግቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ከሆነ፣ ጋዙ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል። ኦክስጅኑን ያባርረዋል። ሰው በቁሙ ራሱን ይስታል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ጨርሶ አላስከፍት ሊል ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቱቦውን ማየት የኛ ሥራ ነው። ይህን የሚጠይቅ አለቃ ብዙም አላየሁም፤ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

መቼ ይጫናል? ሰው በብረት ተጣብቆ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን። ወንበር ብቻ ተጣብቆ ሰው ካልተጎዳ አይጫንም፤ መሐንዲስ ይጠራል። ከተጫነ በኋላም ማግኔቱ ወዲያው ድርግም አይልም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ሲስተር_ዘአዘዞ

እኔ ዋርድ ነው የምሠራው። ባዮሜዲካል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሁለቱን ቁልፍ ልዩነት ዛሬ ነው በደንብ የገባኝ።

ከዋርድ በኩል የማየውን ልናገር። በሽተኛ ስናደርስ ኪሳችን ሙሉ ነው። መቀስ፣ ስቴቶስኮፕ፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ፣ ስልክ። ኦክስጅን የያዘ በሽተኛ ከሆነ ሲሊንደሩ አልጋው ላይ እግሩ መሃል ተጋድሞ ነው የሚሄደው። አንሶላ ሲለብስ አይታይም። አንሶላውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። በሽተኛው ከክፍሉ ውጭ ማግኔት ወደማይስበው ስትሬቸር መዛወር አለበት። በውስጥ የሚሰጠው ኦክስጅንም ከግድግዳ ቧንቧ ወይም ለኤምአርአይ ከተሠራ የአሉሚኒየም ሲሊንደር መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለነርሶች፣ ለሐኪሞችና ለኢንተርኖች። በሽተኛው እዚያ ውስጥ ልቡ ቢቆም በደመ ነፍስ የምናደርገው ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ) እና ጋሪ ይዞ መግባት ነው። አይደረግም። ደረቱን መጫን ተጀምሮ በሽተኛው በፍጥነት ይወጣል። በሩ ይዘጋል። አንድ ሰው በሩ ላይ ይቆማል፤ ሥራው የሚሮጡትን ማስቆም ብቻ ነው። ዕርዳታው የሚቀጥለው ውጭ ነው። ይህን ዋርድ ላይ ያለን ሰዎች አስቀድመን ካልተለማመድነው በዚያች ሰዓት አይታወሰንም።

ራጅ_ክፍል

ሲስተር፣ የሚሮጡትን የሚያስቆመው ሰው ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። የጽዳት ሠራተኞችንም አንርሳ። ማታ ማንም በሌለበት የብረት ባልዲና መወልወያ ይዘው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ሥልጠና ሲሰጥ ግን አይጠሩም።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያወጣው መመሪያ አካባቢውን በአራት ዞን ይከፍለዋል። አንደኛው ማንም የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው የምንጠያየቅበት። ሦስተኛው የተጠየቀና የተፈተሸ ሰው ብቻ ከሠራተኛ ጋር የሚገባበት። አራተኛው ማሽኑ ያለበት ክፍል። ሕንፃችሁ ጠባብ ቢሆን እንኳ ይህ ሐሳብ ይሠራል። ወለል ላይ ቀለም ቀብቶ፣ አንድ በር ቆልፎ መጀመር ይቻላል።

ዳባቴው

ወንድሜ በቀጥታ ልጠይቅህ። በሰውነቱ ጥይት የቀረበት ሰው ይገባል? እኛ አካባቢ ብዙ ሰው አለ። ከድሮም ከቅርብም። አንዳንዱ ረስቶታል።

ራጅ_ክፍል

ዳባቴው፣ ይህን ስላነሳህ አመሰግንሃለሁ። ለኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ከውጭ የመጣው ፎርም “የተተከለ የሕክምና መሣሪያ አለ ወይ?” ይላል። ሰውየው “የለም” ይላል። አልዋሸም፤ የተተከለለት ነገር የለም። ጥይት ግን አለው። ስለዚህ በቀጥታ “ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶህ ያውቃል ወይ? ወጥቷል ወይስ ቀርቷል?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ጥይት እርሳስና መዳብ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ለአንዳንዱ እውነት ነው። የተለመደው የክላሽ ጥይት ግን ልቡ ብረት ነው፤ ልባሱም መዳብ የተቀባ ብረት ነው። የቦምብና የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪም አብዛኛው ብረት ነው። ጡንቻ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ጠባሳ የያዘው ላይንቀሳቀስ ይችላል። አከርካሪ አጠገብ፣ ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ሽባ ሊሆን፣ ሊደማ፣ ሊታወር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ ይነሳል፣ የት እንዳለ ይታያል፣ ከዚያ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ይወስናል። አንዳንዴ በሲቲ ስካን ይተካል። “ጥይት አለብኝ” ያለ ሰው ሁሉ ይከለከላል ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ጥይቱን የሚደብቀው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። “ማን መታህ? መቼ? የት?” የሚል ይከተለኛል ብሎ ይፈራል። ከጀርባው የደም ጉዳይ ሊኖር ይችላል። ወንድሙ ወይም አማቹ አጠገቡ ቆሞ ሳለ አይናገርም። ስለዚህ ብቻውን ነው መጠየቅ ያለበት። በር ተዘግቶ፣ በዝግታ፣ “የምጠይቅህ ማግኔቱ እንዳይጎዳህ ነው፤ ማን እንደመታህ አልጠይቅህም” ብሎ። አስተዋልኩት፣ እንዲህ ሲባል ሰው ይናገራል።

ብየዳ_ቤት

እኔ በያጅ ነኝ፣ ሱቄ አራዳ ገበያ አካባቢ ነው። ብረት ስንቆርጥ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። በመሀረብ ጫፍ አውጥተን ሥራ እንቀጥላለን። ይሄም ይነገራል?

ራጅ_ክፍል

ይነገራል ጌታዬ፣ የግድ ይነገራል። ዓይን ውስጥ የቀረች ብረት ትንሽ ብትሆንም ጠባሳ አጥብቆ አይይዛትም። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ። ዓይኑ ውስጥ ብረት መኖሩ ያልታወቀ ሰው ኤምአርአይ ተነስቶ በአንድ ዓይኑ ታወረ። ብረት ዓይንህ ገብቶ ካወቀ፣ በተለይ ሐኪም አይቶ “ሙሉ በሙሉ ወጥቷል” ካላለህ፣ መጀመሪያ የዓይን አካባቢ ራጅ ይነሳል። ሥራ ላይ መነጽር ማድረግንም እባካችሁ አትተዉት።

ቀጠሮ_ጠባቂ

ሁላችሁም ጥሩ ትላላችሁ። ግን የሕዝቡን ችግርም እዩ። ሰው ከመተማ፣ ከደባርቅ ብሩን ለትራንስፖርትና ለአልጋ ጨርሶ ይመጣል። ወራት ጠብቆ ተራው ሲደርስ “መጀመሪያ ራጅ ተነሳ፣ የድሮ ኦፕራሲዮንህን ወረቀት አምጣ” ተብሎ ይመለሳል። የኔ ዘመድ ላይ የሆነ ነው። ወረቀቱ እኮ አገር ቤት ነው ያለው። ይሄም ጉዳት ነው።

ራጅ_ክፍል

ልክ ነህ፣ ጉዳት ነው። ግን መፍትሔው ጥያቄውን ማቅለል አይደለም፤ ጥያቄውን ቀድሞ ማምጣት ነው። ሐኪሙ ሲያዝ አንድ ጊዜ ይጠየቅ። ቀጠሮ ሲሰጥ አንድ ጊዜ ይጠየቅ። ስልክ ካለው ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ይደወልለት፤ “የኦፕራሲዮን ወረቀት ካለህ ይዘህ ና፣ ከሌለህ ያከመህን ሆስፒታል ስም ንገረን” ይባል። በሩ ላይ የሚደረገው የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ግን አንተ ያልከው ይመጣል።

እናንተም አግዙን። አጥንት ውስጥ የገባ ብረት ካለ ወረቀቱን ወይም የድሮውን የራጅ ፊልም ይዛችሁ ኑ። አብዛኛው የአጥንት ብረት ችግር የለውም፤ ምስሉን ግን ሊያበላሽ ይችላል። ከቆዳ ውጭ የታሰረ የአጥንት ብረት ያለበት ሰው ግን ሳይጣራ በፍጹም አይገባም። ጭንቅላት ውስጥ የደም ሥር በክሊፕ የተቆለፈበት፣ ለጆሮ የመስሚያ መሣሪያ የተተከለለት፣ የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው መሣሪያውን ሲያስገባ የተሰጠው ካርድ አለ። እሱ ካርድ ሞዴሉን ይናገራል። ያለ እሱ አንወስንም።

የማራኪዋ

እህቶቼን ወክዬ ልጠይቅ። ሉፕ ያላትስ? ክንድ ላይ የሚቀበረውስ? ሹሩባና ዊግስ? እናቴ ደግሞ ግንባሯና አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት።

ራጅ_ክፍል

እህቴ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ብረት አይደለም፣ ችግር የለውም። የመዳብ ሉፕም ማግኔት አይስበውም፤ ሆኖም ንገሪን። ዊግ ይወልቃል። ሹሩባ ውስጥ ያለች የፀጉር መርፌ ትወጣለች። ጉትቻ፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ሰዓት፣ ብረት ያለበት ጡት መያዣ ሁሉ ይወልቃል።

የእናትሽ ንቅሳት ጥላሸት በሆነው የድሮው መንገድ የተሠራ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። የዘመኑ ቀለም ግን ብረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል አንዳንዴ ይሞቃል። ይህ ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደኛል፤ ማቃጠል። ስለ ሲሊንደር ብዙ ይወራል፤ ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን የቆዳ ቃጠሎ ነው። ማሽኑ ምስል ለማንሳት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ሽቦ ወይም ቀለበት የሆነ ነገር ካገኘ ያሞቀዋል። የተጠማዘዘ ገመድ ቆዳ ላይ ከተኛ ያቃጥላል። የሚገርመው፣ ሰው ራሱ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ሁለት እጁን አቆላልፎ ከተኛ፣ ወይም ባዶ ጭኖቹ ከተነካኩ፣ በሚነካኩበት ቦታ ሊቃጠል ይችላል። መሃል ላይ ጨርቅና ስፖንጅ የምናደርገው ለዚህ ነው። አታንሱት።

ልብስ የምናስቀይረውም ለዚያው ነው። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት የቀሚስ ጥልፍና የነጠላ ጥለት ውስጡ ብረት ሊኖረው ይችላል። ስፖርት ልብሶችም እንዲሁ። “ንጹሕ ልብስ ነው የለበስኩት” የሚሉን እናቶች አሉ፤ ንጽሕናቸውን ተጠራጥረን አይደለም።

እጃችሁ ላይ እኛን መጥሪያ የጎማ ኳስ ይሰጣችኋል። ትኩስ ነገር ከተሰማችሁ ጨምቁት። “ትንሽ ልቻል” አትበሉ። የጆሮ መድፈኛም ጠይቁ፤ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል።

ዲያቆን_ዘቀሃ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ስለ መስቀልና ክታብ ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንድ አረጋውያን ከአንገታቸው አይለዩትም። ሲታዘዙ ይከፋቸዋል።

ራጅ_ክፍል

አሜን። ማተቡ ክር ብቻ ከሆነ አይወልቅም፤ ማንም አይንካው። መስቀሉ የእንጨት ከሆነም ችግር የለም። ንጹሕ ብር ማግኔት አይስበውም፤ ግን ብር የሚመስለው ሁሉ ብር አይደለም፣ እኛም በዓይን አንለየውም። ስለዚህ ይወልቃል። ክታብም በቆርቆሮ ወይም በብረት መያዣ ሊሆን ስለሚችል ይወልቃል።

አወላለቁ ላይ ነው ጥንቃቄው። በትሪ ላይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይጣልም። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው በእጁ ይያዝላቸው። “እናቴ፣ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቅዎታል” ስንላቸው እሺ ይላሉ። ከሌላ ሕመምተኛ ፊት ማስወለቅም ነውር ነው።

ዲያቆን_ዘቀሃ

ይህ መልካም ነው። ለካህናትም የእጅ መስቀልና መቋሚያ ውጭ እንዲያስቀምጡ በዚሁ አክብሮት ይነገራቸው። የገጠር አባቶች አንካሴ ይዘው ይመጣሉ፤ ጫፉ ብረት ነው።

ሲስተር_ዘአዘዞ

የጦር መሣሪያስ? እስረኛ ታሞ ሲመጣ ፖሊስ ጠመንጃውን እንደያዘ እስከ ውስጥ ይከተላል። እስረኛው ካቴና አለው። “ትእዛዝ ነው፣ ከዓይኔ አይጠፋም” ይላል። አስታማሚ ሽጉጥ ታጥቆ የሚመጣበትም አለ።

ራጅ_ክፍል

በ2023 እ.ኤ.አ. ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ላይ አንድ ሰው እናቱን ሊያሳክም አጅቦ ገባ። ሽጉጥ ደብቆ ነበር። ብረት እንዳይገባ ተነግሮት ፎርም ላይ ፈርሟል። ማግኔቱ ሽጉጡን ስቦ አስተኮሰው፤ ሰውየው በጥይቱ ተመቶ ኋላ ሞተ። ስለዚህ ለአስታማሚም “መሣሪያ ይዘሃል ወይ?” ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፊርማ ብቻ አይበቃም።

ለፖሊሱ ደግሞ ከምርመራው ቀን በፊት ከአለቃው ጋር መነጋገር ይሻላል። ካቴናው ከክፍሉ ውጭ ይፈታል፤ ፖሊሱ መሣሪያውን እንደያዘ በመስታወቱ በኩል ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያያል። በሩ አንድ ስለሆነ እስረኛው የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለም። ይህ ከተነገራቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ። ድንገት በሩ ላይ ስንነግራቸው ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው።

እዚህ የተነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ አንድ ገጽ እያዘጋጀሁ ነው። ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ ዓይን ውስጥ የገባ ብረት፣ ኦፕራሲዮን፣ የልብ መሣሪያ፣ የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝና፣ የታጠቀ አስታማሚ። ኩላሊትን የጨመርኩት ለአንዳንዱ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ነው። ቅዳሜ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ እዩልኝ።

ባዮሜዲካል22

ጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎችም እንዲያነቡት በትልቁ ይታተም። እኔ የሁለቱን ቁልፎች ፎቶ ከነማብራሪያው አዘጋጅልሃለሁ።

ዳባቴው

ማንበብ ለማይችልም ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ይመደብ። አባቴ ማክሰኞ ቀጠሮ አለው። ጭኑ ላይ ያለውን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ግን አይናገርም። ብቻውን ጠይቁልኝ።

ራጅ_ክፍል

እሺ ወንድሜ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ኑ፣ መጀመሪያ ራጅ እናነሳቸዋለን። አንተ ውጭ ትጠብቃለህ።